ቀዩ መብራት እንዳይመለስ፦ የቤት ፋይበር መስመር ዝርጋታና ጥገና ደረጃ በደረጃ

መስመሩ ተዘረጋ፣ ኦኤንቲው (ደንበኛው ቤት የሚቀመጠው የፋይበር መቀበያ) አረንጓዴ አበራ፣ ደንበኛውም ፈረመ። ከሳምንት በኋላ ግን ያው ቤት ይደውላል፦ «ቀይ መብራት እየበራ ነው።» ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ኮኔክተሩ አልተጸዳም፣ ኬብሉ የሆነ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ታጥፏል፣ ወይም ሠራተኛው መብራቱን አይቶ ሳይለካ ሄዷል። አረንጓዴ መብራት የሚነግራችሁ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ምልክት መኖሩን ብቻ ነው። መስመሩ ዝናቡንና ሙቀቱን ችሎ ይቆይ እንደሆነ የሚነግራችሁ ፓወር ሜትሩ (የብርሃን ጉልበት መለኪያው) ላይ ያለው ቁጥር ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከማከፋፈያ ሳጥን እስከ ደንበኛው ሳሎን ያለውን የጂፖን (አንድ ፋይበር ለብዙ ቤት የሚከፈልበት) መስመር ለምትዘረጉና ለምትጠግኑ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እወቁ

ከቴሌኮም ማዕከሉ ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር ነው፤ ከቤት ወደ ማዕከሉ የሚመለሰው 1310 ናኖሜትር። ሁለቱም በዓይን አይታዩም። ፓወር ሜትራችሁን ሁልጊዜ 1490 ላይ አድርጉት። በ850 ወይም በሌላ የሞገድ ርዝመት ላይ ከተረሳ የሚያሳየው ቁጥር ያሳስታችኋል፣ የሌለ ብልሽት ፍለጋም ግማሽ ቀን ያልቃል።

የብርሃኑ ጉልበት የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ በዲቢ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ -18 ከ-24 ይሻላል። 3 ዲቢ ሲጠፋ የብርሃኑ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው፤ 10 ዲቢ ሲጠፋ የቀረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው።

በተለመደው የቢ ፕላስ ደረጃ (የጂፖን የጉልበት ክፍል) የኦኤንቲው ተቀባይ የሚችለው ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም ነው። -27 ግን ድንበሩ እንጂ የሥራ ቁጥር አይደለም። የእኔ ምክር ከ-25 የከፋ ቁጥር ይዛችሁ ከደንበኛ ቤት እንዳትወጡ ነው። ትንሽ አቧራ ወይም አንዲት አዲስ እጥፋት ስትጨመር መስመሩ ይወድቃል።

ብርሃኑ የት እንደሚጠፋም አስቡት። ብርሃኑን ለ32 ቤት የሚከፍል ስፕሊተር (ማከፋፈያ) ብቻውን 17.5 ዲቢ ገደማ ይወስዳል። አምስት ኪሎ ሜትር ፋይበር የሚወስደው ከ1.5 ዲቢ ያነሰ ነው። አንድ ደህና ኮኔክተር 0.3 ዲቢ ገደማ፣ በማሽን የተበየደ ጥሩ መጋጠሚያ ደግሞ ከ0.1 በታች። ማዕከሉ +3 ቢልክ ቤት ስትደርሱ -17 ወይም -18 አካባቢ መጠበቅ ትክክል ነው። ስለዚህ «ሩቅ ስለሆነ ነው የደከመው» የሚለውን ሰበብ ከአፋችሁ አውጡት። ርቀት ጥቂት ነው የሚወስደው፤ የሚጎዳው ቆሻሻና እጥፋት ነው።

ደረጃ 1፦ ቦርሳውን ከመዝጋታችሁ በፊት

1. የስፕላይሲንግ ማሽኑን (ፋይበር የሚበይደውን) ባትሪ ሙሉ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ደንበኛው ቤት ቻርጅ አደርጋለሁ ማለት አይሠራም።
2. አልኮሉን ፈትሹ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው የሚያስፈልገው። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ውሃና ቅባት ስላለው መስታወቱ ላይ ሽፋን ይተዋል።
3. ቃጫ የማይተው መጥረጊያ ወረቀት፣ የኮኔክተር ማጽጃ ፔን፣ ስትሪፐር (ልባስ መላጫ)፣ ክሊቨር (ፋይበር መቁረጫ)፣ ስሊቭ (መጋጠሚያውን የሚሸፍን ቱቦ)፣ ፒግቴይል (አንድ ጫፉ ላይ ኮኔክተር ያለው አጭር ፋይበር)፣ መለያ ቴፕና ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ። ጠርሙሱ ለፋይበር ስብርባሪ ነው።
4. የፒግቴይሎቹን ቀለም እዩ። አረንጓዴው ኤፒሲ ነው፤ ጫፉ 8 ዲግሪ ዘምሞ የተሞረደ። ሰማያዊው ዩፒሲ ነው። ሁለቱ አንድ አዳፕተር (ኮኔክተር መቀበያ) ውስጥ ይገባሉ፣ «ጠቅ» ብለውም ይቀመጣሉ፤ ግን አይገጥሙም። ብርሃን ያባክናሉ፣ ወደኋላ ያንጸባርቃሉ፣ የጫፉንም መስታወት ይጎዳሉ።
5. ከተማ ከቀየራችሁ አርክ ካሊብሬሽን (የብየዳ ብልጭታውን ማስተካከል) አድርጉ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። የአየሩ ግፊት ሲለወጥ የኤሌክትሮዱ ብልጭታ ጉልበትም ይለወጣል። ትናንት አዲስ አበባ ላይ በደንብ የበየደ ማሽን ዛሬ ቆላ ወርዶ ቀጭን አንገት ወይም ያበጠ መጋጠሚያ ሊሠራ ይችላል። ማሽኑን አጥፍታችሁ የአካባቢውን አየር እስኪላመድ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ካሊብሬሽኑን ከምናሌው ላይ አስጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑ ላይ ለኩ፣ ጻፉ

ኬብል ከመዘርጋታችሁ በፊት ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ ሂዱ። በሥራ ትእዛዙ የተሰጣችሁን ወደብ ቁጥር ደግማችሁ አንብቡ። በስህተት የጎረቤትን መስመር መንቀል የአንድን ቤት ሥራ የሁለት ቤት ብልሽት ያደርገዋል።

የወደቡን ጫፍ አጽዱ፣ ለኩ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ የሚዳኘው በዚህ ቁጥር ነው። ሳጥኑ ላይ -18.2 ካገኛችሁ ቤት ውስጥ ከ-19.2 የከፋ መሆን የለበትም። መቶ ሜትር ድሮፕ ኬብል (ከሳጥኑ ወደ ቤት የሚሄደው) ራሱ ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል፤ የሚጠፋው ከሁለቱ ጫፎች ነው። ልዩነቱ ከ1 ዲቢ ካለፈ ጥፋቱ እናንተ በሠራችሁት ክፍል ውስጥ ነው።

*ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ መጥፎ ከሆነ፦* አጽድታችሁ ድጋሚ ለኩ። ካልተሻሻለ አንድ ሌላ ባዶ ወደብ ለኩ። አንዱ ብቻ ደክሞ ሌላው ደህና ከሆነ ወደቡ ወይም አዳፕተሩ ነው። ሁሉም ከደከሙ ችግሩ ከስፕሊተሩ በላይ ነው፤ ዝርጋታውን አትጀምሩ። ቁጥሮቹን ይዛችሁ ለዋናው መስመር ቡድን አሳውቁ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ምረጡ፣ ኬብሉን ዘርጉ

እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ስላለበት አትቸኩሉ።

- የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሸከመ ምሰሶ ላይ ብቻችሁን አትውጡ። የድሮፕ ኬብሉ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አብሮት ያለው የብረት ማንጠልጠያ ግን ያስተላልፋል። ኬብሉን ወርውራችሁ ከመብራት ሽቦ በላይ ለማሳለፍ ፈጽሞ አትሞክሩ።
- ሰማዩ ከጠቆረና ነጎድጓድ ከተሰማ ውረዱ። በክረምት ጠዋት ጠዋት የውጭውን ሥራ ጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ የቤት ውስጡን።
- መሰላሉ አራት ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ሁለተኛው ሰው ይያዘው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ መሰላል ይሽከረከራል፤ አናቱን በገመድ እሰሩት።

ከዚያ ዘርጉ፦

1. ኬብሉን ከጥቅሉ እየዞረ እንዲወጣ አድርጉ። ከጎን እየጎተታችሁ ካወጣችሁት ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞ ሲወጠር ውስጡ ይሰበራል።
2. ምሰሶውና ቤቱ ላይ በመያዣ አስሩት። ውጥረቱን የሚሸከመው የብረት ማንጠልጠያው ብቻ ነው። ብረቱን ከፍላችሁ የቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ አስቀሩት፣ ወደ ቤት አታስገቡት።
3. ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ኬብሉን ወደታች አውርዳችሁ እንደገና ወደ ቀዳዳው አውጡት። የዝናብ ውሃ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ አይገባም።
4. ቀዳዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብሱ። ከመብሳታችሁ በፊት ግን «የመብራት መስመር በየት ነው የሚያልፈው?» ብላችሁ የቤቱን ሰው ጠይቁ፤ ማከፋፈያና ሶኬት ካለበት መስመር ቀጥ ብላችሁ አትብሱ። ስትጨርሱ በሲሊኮን ድፈኑ።
5. ማዕዘን ላይ ኬብሉን እንደ ወረቀት አትጠፉት። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ጂ657 ኤ1 ፋይበር የሚችለው የእጥፋት ራዲየስ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው ጂ652 ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ 30ን ያዙ። ሚስማር ያለው ክሊፕ ስትመቱ መዶሻው ኬብሉን እንዳይጫነው ተጠንቀቁ።

በሁለቱም ጫፍ ትርፍ ተዉ፤ ሳጥኑ ላይ ሁለት ሜትር ያህል፣ ቤት ውስጥ አንድ ሜትር። ትርፍ ያልተወ ሰው በሚቀጥለው ጥገና ኬብሉን በሙሉ ይቀይራል።

ደረጃ 4፦ ብየዳው

ነፋስ የሌለበት፣ ደረቅ ጠረጴዛ ፈልጉ። ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ፤ ስብርባሪው የሚታየው ጥቁር ላይ ነው። ልጆችን አርቁ። ቡናና ምግብ ከጠረጴዛው ይነሳ። የደንበኛ ቤት ቡና ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ።

1. ስሊቩን መጀመሪያ አስገቡ። ከበየዳችሁ በኋላ ማስገቢያ የለም፤ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።
2. የኬብሉን ልባስ መሐል ላይ ስንጥቅ አድርጋችሁ ለሁለት ግጡት። ሁለቱን ማጠናከሪያ ዘንጎች ቁረጡ። ፋይበሩ ብቻውን ይቀራል።
3. በስትሪፐሩ ጠባብ ጥርስ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ቀለሙን አንሱ። መሣሪያውን ትንሽ ዘመም አድርጋችሁ በአንድ ቀጥ ያለ ጉተታ። እየቆራረጣችሁ ከጎተታችሁት መስታወቱ ይጫራል፣ የተጫረ መስታወት ዛሬ ባይሆን ከወር በኋላ ይሰበራል።
4. ወረቀቱን በአልኮል ነክራችሁ ፋይበሩን ጥረጉ። ንጹሕ መስታወት ሲጠረግ «ጪጭ» ይላል። እስኪል ድረስ ጥረጉ፤ ወረቀቱን በየጊዜው አዙሩት።
5. በክሊቨሩ ቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ አትጥረጉ፣ በጣት አትንኩ፣ ጠረጴዛ ላይ አታስደግፉ። የወደቀውን ቁራጭ በመቆንጠጫ ወይም በቴፕ አንስታችሁ ወደ ጠርሙሱ ክተቱ።
6. ጫፉን ከላይ ወደታች አስቀምጡ። ቪ ግሩቩ (ፋይበሩ የሚተኛበት ቦይ) ላይ አታንሸራትቱት። ጫፉ ከግሩቩ ወጥቶ ኤሌክትሮዱ ጋ ሳይደርስ ይቁም።
7. ክዳኑን ዝጉ፣ ስክሪኑን እዩ። ሁለቱ ጫፎች እንደ ጠርዝ ቀጥ ብለው መታየት አለባቸው። አንዱ ከንፈሩ የተሸረፈ ከመሰለ ማሽኑ እሺ ቢላችሁ እንኳ አትቀበሉት፤ ድጋሚ ቁረጡ።
8. ከተበየደ በኋላ ማሽኑ የሚያሳየውን ግምት አንብቡ። 0.05 እና ከዚያ በታች ደህና ነው። ከ0.1 ካለፈ ሰብራችሁ ድገሙ። ይህ በካሜራ የታየ ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆነ አትርሱ።
9. ስሊቩን ወደ መሐል አምጡ፤ በሁለቱም በኩል ቀለም ያለውን ክፍል ይሸፍን። ማሞቂያው ውስጥ አስገቡ። ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ካጠፋችሁት ጠምሞ ይደርቃል።

ብየዳው እምቢ ሲል፦

*«የቁርጥ ዲግሪ በዛ» ካለ* የክሊቨሩን መደገፊያ ጥረጉና ድጋሚ ሞክሩ። ከተደጋገመ ምላጩ ደክሟል፤ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አዙሩት። ብዙዎቹ ክሊቨሮች 16 ቦታ አላቸው።

*መሐሉ ላይ አረፋ ከታየ* ቆሻሻ ነው ወይም ቁርጡ መጥፎ ነው። ከተራ ቁጥር 4 ጀምሩ።

*አንገቱ ከቀጠነ ወይም ካበጠ* ብልጭታው ነው። አርክ ካሊብሬሽን አድርጉ፤ ካልተስተካከለ የኤሌክትሮዱን ቆጣሪ እዩ።

*ፋይበሩ ጠምሞ ከታየ ወይም አልገጥም ካለ* ቪ ግሩቩ ውስጥ ቀለም ተጣብቋል። በአልኮል በተነከረ ቀጭን የጥጥ ዘንግ ጥረጉት። በመርፌ አትጫሩት።

ማሽን ከሌላችሁና በእጅ የሚገጠመውን ፈጣን ኮኔክተር ከተጠቀማችሁ የሚያባክነው ብርሃን ከብየዳ እንደሚበልጥ፣ ውስጡ ያለው ጄልም ከጊዜ በኋላ ሊደርቅ እንደሚችል አስቡ። ለጊዜያዊ ጥገና ይሁን። አዲስ መስመር በዚህ መጨረስን አልመክርም።

ስብርባሪ ጣት ላይ ከገባ አትጫኑት፤ በብርሃን ሥር በመቆንጠጫ አውጡት። ዓይን ውስጥ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትሹ፤ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ

ፋይበሩን በሰፊ ክብ ጠቅልሉ፤ ከትሪው ጠርዝ ጋር እየሄደ ይተኛ። ስሊቩ በማስቀመጫው ውስጥ ይግባ። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሪያውን በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ከክዳኑ ሥር የወጣ ፀጉር የምታህል ፋይበር ናት ሳጥኑ ሲዘጋ የምትቆረጠው። ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሌሎችን መስመር ገፍታችሁ ቦታ አታስለቅቁ። ኬብላችሁ ላይ የወደቡን ቁጥርና የቤቱን መለያ ለጥፉ። የማይለቅ ቀለም ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ አንድ ክረምት አይችልም። የሳጥኑ የውሃ መከላከያ ጎማ ቦታው ላይ መሆኑን አይታችሁ ዝጉ።

ደረጃ 6፦ አጽዱ፣ ለኩ፣ ከዚያ ሰኩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አይገለበጥም። አዲስ ፒግቴይልም ይጸዳል፤ ክዳን ነበረው ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የፋይበሩ ብርሃን የሚያልፍበት ልብ 9 ማይክሮን ብቻ ነው። በዓይን የማትታይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትደፍነዋለች።

የማጽጃ ፔኑን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ «ጠቅ» እስኪል ግፉ። ከዚያ ለኩ። ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ1 ዲቢ በታች ከሆነ ኦኤንቲው ላይ ሰኩ። የጫፉን መስታወት ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃን እንዳለው በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም፣ መጉዳት ግን ይችላል።

የፖን መብራት (ከማዕከሉ ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው) መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከተመዘገበ በኋላ ይረጋል። ሎስ የሚለው መብራት (ቀዩ፣ ምልክት የለም የሚለው) መጥፋት አለበት።

ፍጥነቱን ስትፈትሹ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ፈትሹ። ኬብሉ ላይ ከ100 ሜጋ የማያልፍ ከሆነ የኔትወርክ ኬብሉን ጫፍ እዩ፤ ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱ ብቻ ሲነኩ ፍጥነቱ 100 ላይ ይቆማል። ኦኤንቲውን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሳጥን ውስጥ አርቁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደንበኛው የ12 ቮልት አነስተኛ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ቢገዛ እንደሚጠቅመው ንገሩት፤ ቮልቱንና አምፔሩን ግን ከኦኤንቲው የኃይል አዳፕተር ላይ አንብባችሁ።

ቀዩ መብራት ሲበራ፦ የፍለጋ ቅደም ተከተል

ቦርሳ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ። «እማማ፣ ሰሞኑን ሶፋ ወይም ቁም ሳጥን አዛውረዋል? ግንብ የቀባ፣ ዲሽ የሰቀለ ሰው ነበር?» ብዙ ጊዜ መልሱ ሙሉ ብልሽቱን ይነግራችኋል። የሶፋ እግር የቆመባት ፓች ኮርድ (ኦኤንቲው ላይ የምትሰካው አጭር የፋይበር ገመድ) ስንት የስልክ ጥሪ እንደምታመጣ በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

1. ከኦኤንቲው ላይ ነቅላችሁ፣ አጽድታችሁ ለኩ። ቁጥሩ ደህና ከሆነና ቀዩ ካልጠፋ የኦኤንቲውን ወደብ አጽዱ፤ ካልሆነ ኦኤንቲውን ቀይሩ።
2. ቁጥሩ ደክሞ ግን ካለ፣ ለምሳሌ -28 ከሆነ፣ እጥፋት ወይም ቆሻሻ ነው። ሜትሩ እንደተሰካ ኬብሉን ከተጠረጠረው ማዕዘን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ቁጥሩ ሲሻሻል ካያችሁ ቦታውን አገኛችሁት።
3. ምንም ብርሃን ከሌለ ሳጥኑ ላይ ሄዳችሁ ወደቡን ለኩ። እዚያ ካለ ድሮፑ ተቆርጧል። ድሮፑን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ በቪኤፍኤል (የሚታይ ሌዘር መፈተሻ) ቀይ ብርሃን ልቀቁበት፤ የተሰበረው ቦታ ላይ ቀይ ይወጣል። ነጭ ልባስ ላይ ወዲያው ይታያል፣ ጥቁር ልባስ ግን ይደብቀዋል። በጥቁር ኬብል ላይ ትሪውን፣ መያዣዎቹንና የግድግዳውን መግቢያ በቅድሚያ እዩ።
4. ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ፣ ሎስ ጠፍቶ፣ ፖን ግን ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ችግሩ ምዝገባ ሊሆን ይችላል። የኦኤንቲውን መለያ ቁጥር ከጀርባው አንብባችሁ ሲስተም ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከተስማማ አረንጓዴና ሰማያዊ ኮኔክተር አንድ ላይ መግባቱን ፈትሹ። ፓወር ሜትሩ የሚለካው የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ የሚመለሰው ላይ ያለውን ችግር አያሳይም።
5. ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጠፋ መስመር ከሆነ ደረቅ ቀን ላይ ለክታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ አትሂዱ። ሳጥኑን ክፈቱ፣ የጎማውንና የኬብል መግቢያውን ሁኔታ እዩ፣ አዳፕተሩ ውስጥ የእርጥበት ምልክት ፈልጉ።

ኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ የብልሽቱን ርቀት የሚያሳይ መሣሪያ) ካላችሁ በሥራ ላይ ባለ መስመር 1310 ወይም 1550 አትልቀቁ፤ ሌሎቹን ደንበኞች ታውካላችሁ። ለዚያ የተሠራውና ማጣሪያ ያለው 1625 ወይም 1650 ነው። በተነቀለ ድሮፕ ላይ ግን በ1310ም በ1550ም ለኩ። በ1550 ላይ የሚጠፋው ከ1310 ጎልቶ ከበለጠ እጥፋት ነው፤ እኩል ከሆነ መጋጠሚያ ወይም ኮኔክተር።

ስትጨርሱ በሥራ ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የወደቡን ቁጥር፣ የሳጥኑን ልኬት፣ የቤቱን ልኬትና የትርፉን ኬብል ቦታ ጻፉ። ሁለቱን ልኬቶች በተለጣፊ ወረቀት የኦኤንቲው ጀርባ ላይም አስቀሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሠራተኛ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚነግሩት እነሱ ናቸው።